የመንገደኛ ስንቅ ከባሕር ዳር ባልትና ቤቶች፦ የሚገዛውና የሚተወው

ውጭ አገር ሥራ አግኝቶ ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ከልብሱ ቀጥሎ ብዙ ቦታ የያዘው በርበሬና ሽሮ ነው። ይህን ስንቅ ቀድሞ የምታሰናዳው እናት ወይም አክስት ነበረች። ዛሬ ቪዛው በወጣ በሳምንቱ የሚበር ሰው በዝቷል፤ በሳምንት ደግሞ በርበሬ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ደርቆና ተፈጭቶ አይደርስም። ስለዚህ ሥራው ወደ ባልትና ቤቶች ዞሯል። በቅዳሜ ገበያ ዙሪያና በየሰፈሩ ያሉት ባልትና ቤቶች "የመንገደኛ" ብለው የሚያዘጋጁትን ስንቅ እዚህ የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከጣና ዳር ተነሥቶ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ፍራንክፈርት ወይም ቶሮንቶ ሲደርስ ይበላል ወይስ ይጣላል?

ፍርዱን ከመጀመሪያው እንናገር። ቅመማው በጣም ጥሩ ነው፤ በዋጋው የሚያስቆጭ አይደለም። ፍጭቱም እንደዚያው። ድክመቱ ማድረቁና ማሸጉ ላይ ነው፤ ተጓዥን የሚጎዳውም ይኸው ነው። እዚሁ ቤት ውስጥ በየጊዜው ተከፍቶ የሚበላ በርበሬ ትንሽ እርጥበት ቢኖረው ችግር የለውም። በፕላስቲክ ታፍኖ ሁለት ቀን በሻንጣ፣ ከዚያም ሁለት ወር በኩሽና መሳቢያ ውስጥ የሚቆየው ግን ይሻግታል። ሁለተኛው ስሕተት የገዢው ነው፤ የሚሄድበትን አገርና የሚገባበትን ኩሽና ሳያስብ "የዓመት" ብሎ ያዛል።

ከበርበሬው እንጀምር፤ ገንዘቡም ችግሩም ያለው እዚያ ነው። ባሕር ዳር የሚፈጨው ዛላ አብዛኛው ከቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናንና ከአካባቢያቸው የሚመጣ የምዕራብ ጎጃም በርበሬ ነው። የማረቆም ይገኛል፤ ቀለሙ ደማቅ ስለሆነ አንዳንዶች ይቀላቅሉታል። ጥሩ ባልትና ቤት ዛላውን ለገዢው ያሳያል። ዛላው ሲሰበር "ቀጭ" ማለት አለበት፤ እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ከሆነ አልደረቀም። ውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ጥጥ የመሰለ ነገር ከያዘ ሻጋታ ነው። ይህን በፍጹም አትቀበሉ። ሻጋታው የሚፈጥረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ቤት ውስጥ በሚደረግ ማመስም ሆነ ወጥ በመሥራት አይጠፋም። "ስለሚፈጭ ችግር የለውም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።

እርጥበቱ የሚገባው ሲደለዝ ነው። ዛላው ተቀንጥሶና ደቆ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዝና ቅመሙ እንዲዋሐደው አንድ ሁለት ቀን ታፍኖ ይቆያል። የባልትናው ሙያ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ የባሕር ዳር በርበሬ ሽታው የሚያውደውም ለዚህ ነው። ከዚያ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ለብ ተደርጎ ይታመሳል፣ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ ጨው ይጨመርበትና ይፈጫል። በጥቅምትና በጥር መካከል ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሁለተኛው ስጥ በሦስት አራት ቀን ያልቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ደመና ነው፤ የሐይቁ ዳር አየርም ራሱ እርጥብ ነው። በክረምት የተደለዘ በርበሬ ፀሐይ ሲያጣ በማመሻው ላይ እሳት ይበረታበታል፤ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። ክረምት ላይ የምትሄዱ ከሆነ በበጋ የተዘጋጀውን ጠይቁ። አንዱን ጥያቄ ብቻ ማስታወስ ከቻላችሁ "እትዬ፣ ይኼ መቼ ነው የተሰጣው?" የሚለውን ያዙ። ሙያዋን የምታውቅ ወሩን ሳታመነታ ትነግራችኋለች።

ለመፈተን ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው እፍኝ ጨብጦ መልቀቅ ነው፤ በደንብ የደረቀ በርበሬ እጅ ሲዘረጋ ይበተናል፣ እርጥቡ የጭብጡን ቅርፅ ይዞ ይቀራል። ሁለተኛው የበለጠ ያስተማምናል፤ ሩብ ኪሎ በንጹሕ ደረቅ የመስታወት ዕቃ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ገና ነው። ሦስተኛው የማጭበርበር ፈተና ነው። አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ጨምሩና አማስላችሁ ተዉት። ከሥር ጠጣር ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ከዘቀጠ ሸክላ ወይም አፈር ገብቶበታል፤ ውሃውም በቅጽበት እንደ ቀለም ቀይ ከሆነ ማቅለሚያ ነው። በአግባቡ የተዘጋጀው ቀስ እያለ ይቀላል፤ ከላይም የቅባት ዓይን ይታያል።

ብዙዎቹ ባልትና ቤቶች የሚሳሳቱት ከወፍጮ በኋላ ነው። በርበሬ ከወፍጮ ሲወጣ ይሞቃል። ገዢው ቸኩሏል፣ ባለሙያዋም ሥራ አለባት፤ ስለዚህ ትኩሱን በላስቲክ ከትታ ታሽገዋለች። ሙቀቱ ሲበርድ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ተለውጦ ከላስቲኩ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ጓጉሎ የሚገኘው፣ ጥጉ ላይ አረንጓዴ የሚያወጣው ይኼ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ ተደርጎ ተዘርግቶ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት፣ እጅ ሲነካው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መቆየት ነው። ጠዋት ተፈጭቶ ማታ መታሸግ አለበት። ለዚህ ጊዜ የማይሰጥ ቤት ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ ለመንገደኛ አይሆንም።

ሽሮው ከበርበሬው ይሻላል። በአመዛኙ የአተር፣ የሽምብራና የባቄላ ቅልቅል ነው፤ ሽምብራው ከፎገራና ከደምቢያ ወገን ስለሚመጣ ጥራቱ ጥሩ ነው። ከነጭ ሽሮና ከምጥን ሽሮ ለመምረጥ ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁ ምግብ መሥራት ትችላላችሁ ወይ ብላችሁ ነው። ወጥ ሠርቶ ለማያውቅ ወጣት ምጥኑ ይሻላል፤ ሽንኩርት፣ ዘይትና ውሃ ብቻ ይበቃዋል። ለለመደ ሰው ነጩ ይመረጣል፤ ቅመም የሌለበት ስለሆነ ጠረኑ ቶሎ አይበላሽም፣ በርበሬውንም እንደ ፍላጎቱ ይጨምራል። ሽሮን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ያልበሰለ አቆላል ነው፤ እህሉ ከውጭ ጠቁሮ መሐሉ ጥሬ ከሆነ ሽሮው ሲፈላ የጥሬ ባቄላ ሽታ ያመጣል፣ ሆድም ይነፋል። ጥቂት ዱቄት ምላሳችሁ ላይ አድርጉ፤ የቆሎ ጣዕም ካልሰጠ ተዉት። ሁለተኛው የወፍጮ ቅሪት ነው። ከበርበሬ ቀጥሎ የተፈጨ ነጭ ሽሮ ይቀላል፣ ያቃጥላልም። በሶ ከሆነማ ጭራሽ አይጠጣም። ለመንገደኛ የሚሠራ ቤት ነጩን ሁሉ በጠዋት፣ በርበሬውን መጨረሻ ላይ ያስፈጫል። ቅደም ተከተሉን ጠይቁ።

መጠኑን በምግብ ቁጥር አስሉት። ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ የሚበቃው ሽሮ 60 ግራም ገደማ ነው፤ ወደ 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ይይዛል። ሦስት ኪሎ ማለት 50 ምግብ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ሽሮ ለሚበላ ሰው ሁለት ወር ከሳምንት በላይ ይሄዳል። በርበሬ ለሁለት ሦስት ሰው ወጥ ከ15 እስከ 20 ግራም ስለሚገባ አንድ ኪሎ ተኩል ለብቸኛ ሰው ከበቂ በላይ ነው። አሥር ኪሎ በርበሬ ይዞ የሚሄድ ሰው ግማሹን ቀለሙ ከደበዘዘ፣ ሽታው ከጠፋ በኋላ ነው የሚበላው። የወሰዳችሁትን ደግሞ ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ አስቀምጡ፤ ቀለሙንም ሽታውንም ይጠብቃል፣ ነቀዝም አይነካውም። ስታወጡት ሳትከፍቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፤ አለዚያ ጤዛ ይይዛል።

ሁለት ወር የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ደመወዙን የሚያየው ብዙ ጊዜ ወሩ ሲያልቅ ነው። በዚያ መሐል የቤት ኪራይ መያዣ፣ የትራንስፖርት ካርድና ብርድ ልብስ ገንዘቡን ይወስዱታል፤ የአበሻ ሱቅ የት እንዳለም ገና አያውቅም። ስንቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ክፍተት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ደመወዙ ይሸፍነዋል።

የሚሄዱት ወደ ዝቅተኛ ቦታ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ዱባይ ወይም አምስተርዳም ላይ 100 ይደርሳል። ክኩና ምስሩ እዚያ ቶሎ ይበስላል፤ ሽሮውም ቶሎ ይወፍራል። በለመዳችሁት ሰዓት ከጠበቃችሁት ከሥር ይይዛል።

አሁን ወደሚተወው እንምጣ። ብዙ ባልትና ቤቶች በመንገደኛ ጥቅላቸው ውስጥ ንጥር ቅቤና የሥጋ ቋንጣ ይጨምራሉ። ይህን በግልጽ እንቃወማለን። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮችም ሆነ ወደ ብሪታንያ ከኢትዮጵያ በመንገደኛ ሻንጣ የሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ክልክል ነው፤ ቅቤው ነጥሮ መሆኑ አያድነውም። በቅቤ የተለወሰ ጭኮም እንደዚያው። አሜሪካም የሥጋ ቋንጣ አያስገባም። ዕቃው ይወሰዳል፣ ሳያስመዘግቡ መገኘት ደግሞ ያስቀጣል። ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለአውስትራሊያ መመሪያው አንድ ነው፤ በቅጹ ላይ ምግብ መያዛችሁን "አዎ" በሉ። አስመዝግባችሁ የተከለከለ ሆኖ ከተገኘ የምታጡት ዕቃውን ነው፤ ደብቃችሁ ከተያዛችሁ ግን ገንዘባችሁንም ስማችሁንም ነው። ለአዲስ ሠራተኛ የመግቢያ መዝገቡ ንጹሕ መሆኑ ከአንድ ጣሳ ቅቤ ይበልጣል።

ከቅቤው ይልቅ የሚገዛው የማንጠሪያው ቅመም ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ምርጥ የምንለውም ይኼንን ነው። ደረቅ ኮሰረት፣ ደረቅ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ አብሽና እርድ ለየብቻ በትንንሽ ከረጢት አሽገው የሚሸጡ ቤቶች አሉ። እዚያ ስትደርሱ ከየትኛውም ሱቅ ጨው የሌለው አንድ ኪሎ ቅቤ ገዝታችሁ ከሁለት ሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ ከአንድ ሾርባ ማንኪያ በሶብላ፣ ከአንድ ሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ከአንድ ሻይ ማንኪያ አብሽና ከግማሽ ሻይ ማንኪያ እርድ ጋር በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አንጥሩት። አረፋው ሲጠፋና ከሥር ያለው ዝቃጭ ወርቃማ ሲሆን አውጥታችሁ በስስ ጨርቅ አጥልሉት። ወደ 800 ግራም ይወጣችኋል፤ የቀረው ውሃና የወተት ዝቃጭ ነው። ዝቃጩ ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፣ ቅቤውም ይመርራል። 200 ግራም ቅመም ብዙ ኪሎ ቅቤ ስለሚያነጥር ከክብደቱ አንጻር ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ በሻንጣ አይገባም።

በዚያው የሚጠየቀው ማርና አሳ ነው። ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት ለአንድ ሰው እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል፤ የጣና አሳ ደርቆ ከሆነም ይገባል፣ ገደቡ 20 ኪሎ ነው። የቆሮሶም ሆነ የአምባዛ ቋንጣ ሽታው ሻንጣውን ሁሉ ስለሚይዝ በሦስት ድርብ ካልታሸገ ባይሞከር ይሻላል። በተለይ የሥራ ልብስ ያለበት ሻንጣ ውስጥ።

ቅመም ስታዝዙ ደግሞ እዚያ የሚገኘውን አትሸከሙ። ጥቁር አዝሙድ በዓረብ ሱቅ "ሐበት ሰውዳ"፣ አብሽ "ሑልባ"፣ ድንብላል "ኩዝበራ"፣ ፌጦ "ሐብ ረሻድ" እየተባሉ ይሸጣሉ፤ ነጭ አዝሙድ በሕንድ ሱቅ "አጅዋይን" ነው። ቀይ ምስር በቱርክም በሕንድም ሱቅ ሞልቷል። የማይገኘው ኮረሪማ ነው። ሻጩ "ሄል" ብሎ የሚሰጣችሁ አረንጓዴው ሄል ጣዕሙ ሌላ ነው፤ አይተካውም። ኮረሪማን ከነዛላው ግዙ፣ አታስፈጩት፤ ከተፈጨ ሽታው በሳምንታት ውስጥ ይሄዳል። 150 ግራም ይበቃል። ኮሰረትና የእኛ በሶብላም ከአበሻ ሱቅ ውጭ አይታሰቡም። እርጥብ ጤና አዳምና እርጥብ በሶብላ ግን አትያዙ፤ አውሮፓ ኅብረት ለእርጥብ ተክል የጤንነት የምስክር ወረቀት ይጠይቃል።

በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ የሚበጁት ኩሽናው የራሳቸው ላልሆነ ሰዎች ነው። በተለይ ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ እህት የምታድረው በአሠሪ ቤት ነው፤ ሽንኩርት አቁላልታ ሽሮ ልትሠራ የምትችልበት ሰዓትም ፈቃድም ላይኖራት ይችላል። ለእሷ ሦስት ኪሎ ምጥን ሽሮ ከመሸከም አንድ ተኩል ኪሎ በሶ፣ አንድ ኪሎ ቆሎና ግማሽ ኪሎ ድርቆሽ ይበልጥባታል። በሶው ከስኳርና ከጥቂት ጨው ጋር ተቀላቅሎ፣ 50 ግራም፣ 50 ግራም እየሆነ በትንንሽ ከረጢት ቢታሸግ ውሃ ብቻ ይበቃዋል። ይህን ሲጠየቁ የሚያዘጋጁ ቤቶች አሉ፤ ጠይቁ። ቆሎው ላይ የሚታየው ጉድለት ኑግና ለውዝ መቀላቀሉ ነው። በበጋ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ አገር የቅባት እህል ቶሎ ይሻክታል። ገብስና ሽምብራ ብቻ ይሁን። ድርቆሹ ስስ ሆኖ ከተሰበረ በኋላ እስከ "ቀጭ" የደረቀ መሆኑን አረጋግጡ፤ መሐሉ ለስላሳ የሆነ አንድ ቁራጭ ከረጢቱን ሁሉ ያሻግታል።

ጤፍ ዱቄት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ተጓዥ የክብደት ብክነት ነው። ጤፍ አሜሪካ ውስጥም፣ ኔዘርላንድስም፣ አውስትራሊያም ይበቅላል፤ ዱቄቱም ይሸጣል። የአዴት ማኛ ናፍቆት መሆኑን እንረዳለን፤ ግን አምስት ኪሎ ጤፍ ከ40 የበለጠ እንጀራ አይሆንም፣ ያ ደግሞ በሦስት ሳምንት ያልቃል። መያዝ የሚገባው እርሾው ነው። የተቦካ ሊጥ በንጹሕ ላስቲክ ላይ እንደ ወረቀት ስስ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አድርቁትና ሰባብራችሁ አሽጉት። እዚያ ሁለት ሦስት ማንኪያውን በለብታ ውሃ አርሳችሁ ዱቄት ጨምሩበት። የመጀመሪያው ቡኮ ይዘገያል፤ በቀዝቃዛ ቤት አራት አምስት ቀን ይፈልጋል። በብርድ ወራት የዳቦ መጋገሪያው (ኦቨኑ) ጠፍቶ መብራቱ ብቻ በርቶ ውስጡ ቢቀመጥ ይፈጥናል። ዓረብ አገር ላይ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ በአንድ ቀን ስለሚኮመጥጥ አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ውስጥ ይቡካ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ ጭኖ መሄድን አንመክርም። የእኛ ምጣዶች ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስቡ ናቸው። የአሜሪካ መደበኛ ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፔር ነው፤ 1,800 ዋት ላይ ይቆማል። የብሪታንያ ፊውዝ 13 አምፔር ስለሆነ 3 ኪሎዋት አካባቢ ላይ ይቃጠላል። በአውሮፓ 16 አምፔር ቢሆንም ማጠቢያ ማሽኑ አብሮ ከሠራ ቆጣሪው ይዘጋል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን 16 ኢንች ስፋት ያለውን ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ እዚያው ገዝተው ነው የሚጋግሩት። ሌላ ቦታ የማይጣበቅ ሰፊ መጥበሻ ከነክዳኑ ይበቃል።

ቡና ከሆነ የዘጌው ይመረጣል፤ በየባልትና ቤቱ ተቆልቶም ይገኛል። ዋናው ነገር ተቆልቶ ሳይፈጭ መያዙ ነው። ከተቆላ በኋላ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ይደር፤ ትኩስ ቡና አየር ስለሚያወጣ ወዲያው ከታሸገ ከረጢቱ ይነፋና ይቀደዳል። ጀበና የምትወስዱ ከሆነ ውስጡን በካልሲ ጠቅጥቃችሁ፣ አንገቱን ለብቻ ጠቅልላችሁ ከሻንጣው መሐል አድርጉት። አዲሱ ቤት ያለው ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ ከሆነ ግን ሸክላን አያሞቅም፤ ከሥር የብረት ሳህን ካልገባበት ወይም የተለየ ትንሽ ምድጃ ካልተገዛ ጀበናው ጌጥ ብቻ ይሆናል። ከሰል ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታቀጣጥሉ። መስኮቱ የታሸገ አፓርታማ ውስጥ የከሰል ጭስ ይገድላል። እጣኑም ቢሆን ትንሽ ፍንጣሪ ብቻ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ከጭስ ማስጠንቀቂያው ርቆ ይሁን፤ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ሕንጻው ሁሉ ሊወጣ፣ ወጪውም በእናንተ ላይ ሊመጣ ይችላል።

በዚሁ ስለ ሽታ አንድ ነገር ይነገር። የበርበሬ ቁሌት ሽታ ኮትና ሹራብ ላይ ለቀናት ይቆያል። በጋራ መኖሪያ የምትገቡ ከሆነ የልብስ ቁም ሳጥኑን ዝጉ፣ አየር መሳቢያውን ክፈቱ፣ ከሁሉም በላይ ቁሌቱን በሳምንት አንድ ቀን በብዛት ሠርታችሁ በትንንሽ ዕቃ በረዶ ቤት አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የየቀኑ ሽሮ አሥር ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ማሸጊያው ላይ ባልትና ቤቶቹ በጣም ይለያያሉ። ዝቅተኛው በፌስታል አስሮ የሚሰጠው ነው። መካከለኛው በሻማ ወይም በማሽን ጫፉን ያጣብቃል። ጥሩው አየሩን መጥጦ በወፍራም ከረጢት ያሽግና የዕቃውን ስም፣ የገባበትን ነገር፣ ክብደቱንና ቀኑን በእንግሊዝኛ ጽፎ ይለጥፋል። ይህ ጽሑፍ የማስዋብ ጉዳይ አይደለም። ስም የሌለው ቡናማ ወይም ነጭ ዱቄት የኤርፖርት ፈታሽን ያስቆማል፣ ከረጢቱም ይቀደዳል፤ የተቀደደ በሶ ሻንጣውን ሁሉ ያለብሰዋል። ለማሸጊያው ጥቂት ብር ጨምሩ፤ ያዋጣል። ከረጢቱ ከግማሽ ኪሎ አይብለጥ፤ አንዱ ቢቀደድ ወይም ቢሻግት ሌላው ይተርፋል። አየር የተመጠጠው ከረጢት በነጋታው ለስልሶ ካገኛችሁት ቀዳዳ አለው፤ መልሱት።

ዱቄት ሁሉ ወደሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ 350 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፣ ሊከለከልም ይችላል። ድልህም እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በእጅ አይያዝ። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን የምትነሡ ከሆነ የአዲስ አበባውና የውጭው በረራ በአንድ ቲኬት መሆኑን እዩ፤ በተለያየ ቲኬት ከሆነ የአገር ውስጡ በረራ በራሱ የሻንጣ ደንብ ስለሚመዝናችሁ እዚሁ ትርፍ ትከፍላላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ቢሆንም ቲኬታችሁ ላይ የተጻፈውን እመኑ። ምግቡ በጠቅላላው ከአሥር ኪሎ አይለፍ። ለሁለቱም ሻንጣ እኩል ይከፋፈል፤ አንዱ ቢዘገይ ሁለተኛው ይደርሳል።

"ለእገሌ አድርስልኝ" ተብሎ የሚሰጥ የታሸገ ከረጢት ግን ከማንም አትቀበሉ፤ ዘመድም ቢሆን። ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ በራሳችሁ እጅ ካልታሸገ አይጫን። ጫት ደርቆም ቢሆን በሳዑዲና በኤምሬትስ ያሳስራል፤ ብሪታንያም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች። አረቄና ጠጅ ደግሞ ወደ ሳዑዲና ወደ ኩዌት አይሞከርም። ፈታሹ ፊት የሚጠየቀው ሻንጣው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው።

ለማዘዝ በበጋ ቢያንስ አሥር ቀን፣ በክረምት ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ሂዱ። በመጀመሪያው ቀን ዛላውን እዩ፣ መጠኑንና የከረጢቱን ክብደት ተናገሩ፣ የሚለጠፈውን ጽሑፍ አስጽፉ፣ ቀብድ ስጡ። በተፈጨ ቀን ማታ ሄዳችሁ ከመታሸጉ በፊት እጃችሁን ከትታችሁ መቀዝቀዙን ሞክሩ፤ የጤዛውን ፈተና አድርጉ። ከታሸገ በኋላ ቤት ወስዳችሁ ሦስት ቀን አስቀምጡት። በእነዚያ ሦስት ቀናት የጓጎለ ወይም ያላበ ከረጢት ከወጣ ባልትና ቤቱ መልሶ ያሰጣዋል፤ ከበረራችሁ በኋላ ግን የሚመልስላችሁ የለም።